ተጠምቀናል፤ ደቀ መዛሙርትስ ሆነናል ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሙታን ከተነሣ በኋላ በገሊላ ተራራ ላይ ለአሥራ አንዱ ሐዋርያት የሰጠው ትእዛዝ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ከቁጥር 16 እስከ 20 ተጽፎ ይገኛል። ይህን ክፍል ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል የለም ለማለት ይቻላል። በየጉባኤው ይነበባል፤ በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፎ ይታያል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ በጆሮአችን የሚቀረው ብዙ ጊዜ «ሂዱ» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የወንጌል አገልግሎት ሲባል የሚታየን መንገድ፣ መኪና፣ ድምፅ ማጉያና የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። ወንጌሉ ወደ እኛ በደረሰበት በግሪክኛው ቋንቋ ግን የዐረፍተ ነገሩ ዋና ግሥ «ሂዱ» አይደለም፤ ደቀ መዛሙርት ማድረግ ነው። መሄዱም፣ ማጥመቁም፣ የታዘዘውን ሁሉ እንዲጠብቁ ማስተማሩም በዚያ በዋናው ግሥ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። እንግዲህ ሄዶ ተናግሮ የተመለሰ ሰው ትእዛዙን ጀመረው እንጂ አልፈጸመውም ማለት ነው።

ደቀ መዝሙር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምረናል። ደቅ በግእዝ ልጅ ማለት ነው፤ ደቀ መዝሙርም የመዝሙር ልጅ እንደ ማለት ይሆናል። በአገራችን ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባቡን የሚያጠናው በመዝሙረ ዳዊት እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አጠራር እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ይዞ ወደ የኔታ ይመለሳል። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚወጣው ተማሪ ዓመታት ይቆያል። ከየኔታ የሚማረው ዜማውን ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሚጸልዩ፣ እንዴት እንደሚቆጡና እንደሚታረቁ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ሲርባቸው ምን እንደሚሉ ያያል። ጌታችንም አሥራ ሁለቱን የያዛቸው በዚህ ዓይነት ነበር። ሦስት ዓመት ያህል አብረውት በሉ፣ አብረውት በጀልባ ተሳፈሩ፣ አብረውት መንገድ ሄዱ። ከእነርሱ አንዱ ቢጠፋም አሥራ አንዱ ዓለምን አዳረሱት።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ማየት ይገባናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሰረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው፤ እርሱም የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል በትሕትና መለሰ። ፊልጶስ ከዚያው ቦታ ጀምሮ ስለ ክርስቶስ ነገረው፤ ውኃ ባገኙበትም አጠመቀው። ጃንደረባው ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ። ይህ ለአገራችን ታላቅ ክብር ነው፤ ሁልጊዜም በኩራት እንናገረዋለን። ነገር ግን ከዚያ ቀን አንሥቶ አገራችን ጳጳስ ተሾሞላት ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት እስክትቆም ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። ብሥራት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ሕዝብን ደቀ መዝሙር ማድረግ ግን ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

ያ ሰው ፍሬምናጦስ ነበር። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሲሆን፣ የሰማውም ከፍሬምናጦስ ጓደኛ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ የጢሮስ ልጆች ከአስተማሪያቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሲጓዙ ወደብ ላይ አደጋ ደረሰባቸው፤ የመርከቡ ሰዎች ተገደሉ። ልጆቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና በሕይወት ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። እስቲ ይህን ነገር አስተውሉት! ለአክሱም ብርሃንን ያመጣው ሰው ወደ አገሩ የገባው ሰባኪ ሆኖ አይደለም፤ ምርኮኛ ሆኖ ነው። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም በመዝገብና በሒሳብ ሥራ ላይ ተሾመ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲረዷት ለመነቻቸው። በዚህ ጊዜ ፍሬምናጦስ ያደረገው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኛቸውና የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ረዳቸው። መድረክ አላቆመም። ያሉትን ሰበሰበ።

ከዚያም የንጉሡ ልጅ ሲያድግ ኤዴስዮስ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ ያየውን ሁሉ ነገረው፤ በዚያ አገር ያሉት ክርስቲያኖች እረኛ እንዲላክላቸውም ለመነ። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተናግሮ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። ይህ የሆነው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ሕዝባችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚለው ይህን ሰው ነው። የሥራው ፍሬ በንጉሥ ዒዛና ገንዘብ ላይ ሳይቀር ታይቷል፤ ቀድሞ ጨረቃ ይቀረጽበት በነበረው ሳንቲም ላይ መስቀል ተተካ።

እዚህ ላይ በወጣቶች መካከል ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንዳንዶች ስብከት የካህናት ሥራ ነው፣ ያልተሾመ ሰው አፉን ሊከፍት አይገባም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሦስት ጥቅስ በቃላቸው እንደያዙ ድምፅ ማጉያውን ለመያዝ ይቸኩላሉ፤ ሥርዓት ሲነገራቸው ደግሞ መንፈስን እንደ መከልከል ይቆጥሩታል። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አያጡም። የፊተኞቹ ያልተላከ እንዴት ይሰብካል የሚለውን የሐዋርያውን ጥያቄ (ሮሜ 10፥15) ይጠቅሳሉ። የኋለኞቹ በሐዋርያት ሥራ 8፥4 የተበተኑት ምእመናን ሁሉ ቃሉን እየሰበኩ እንደዞሩ ያስረዳሉ፤ ሐዋርያት በዚያ ጊዜ ገና በኢየሩሳሌም ነበሩና እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ያው ምዕራፍ ወደ ፊት ሲነበብ ሰማርያ ቃሉን እንደተቀበለች በተሰማ ጊዜ ጴጥሮስና ዮሐንስ ወርደው እጃቸውን ጫኑባቸው ይላል። ፊልጶስ ሐዋርያትን አልጠበቀም፤ ሐዋርያትም ፊልጶስን አልነቀፉም፤ ሥራውም ያለ እነርሱ አልተጠናቀቀም። የፍሬምናጦስም ነገር እንዲሁ ነው። ገና ሳይሾም ምእመናንን ለጸሎት ሰበሰበ። ራሱን ግን አልሾመም፤ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ወደ እስክንድርያ ሄደ። የማይጀምር ታዛዥነትና የማይታዘዝ ጅማሬ ሁለቱም ከዚህ ታሪክ ውጭ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እንዲያውም በአደባባይ መናገር የማይችሉ ወንድሞችና እህቶች ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የተጠቀሰው አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ፣ መጻሕፍትን የሚያውቅና በመንፈስ የሚቃጠል ሰው ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ በምኩራብ ሲናገር ሰሙት። በሕዝብ ፊት ተነሥተው አላረሙትም፤ ከጉባኤው ሲወጡም በየደጁ አላሙትም። ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብራርተው ገለጡለት። ስለ ጵርስቅላ ስብከት የተጻፈልን ነገር የለም፤ አጵሎስን ግን አስተካክላለች። በእኛ መካከል አንድ ሰባኪ ሲሳሳት ስንት ሰው ያማዋል፣ ስንትስ ሰው ቡና አፍልቶ ይጠራዋል?

ከተስዓቱ ቅዱሳን ታሪክ የምንማረው ሌላ ቁም ነገር የቋንቋ ነገር ነው። እነ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ አረጋዊ፣ አባ አፍጼና ሌሎቹ አባቶች ከውጭ አገር መጥተው በአክሱም ዘመን ወደ ምድራችን ሲገቡ ሕዝቡን የእነርሱን ቋንቋ እንዲማር አላስገደዱትም፤ የእርሱን ተማሩ። በገዳም ተቀምጠው ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ በመጻሕፍት ትርጉምም ታላቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይነገራል። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት በግእዝ የተጻፉ ወንጌላት በዘመናዊ ምርመራ ዕድሜያቸው ሲለካ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል፤ በዓለም ላይ ካሉት ባለ ሥዕል ወንጌላት መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት ይቆጠራሉ። ግእዝ በዚያን ጊዜ የገበያና የቤት ቋንቋ ነበር። አባቶቻችን ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ከሰጡት፣ እኛ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ በሚናገር ሰው ፊት ቆመን የማይሰማውን ብንናገር የእነርሱ ልጆች ነን ማለት ያስቸግረናል። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በአናሲሞስ ነሲብና በአስቴር ጋኖ ድካም ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ የዚህች አገር ልጆች ነበሩ። ሥራው የተሠራው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ነው ብሎ በዝምታ ማለፍ አይገባም፤ ይልቁን ለምን በእኛ እጅ ቀድሞ አልተሠራም ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም በቅዳሴ ቆመው የሚባለውን አይሰሙም። ይህ ጥያቄ ለእነርሱም አገልጋዮች ቀርቧል።

ወንጌል ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ለማየት በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን አባቶች መከተል ይበቃል። በደብረ ዳሞ አባ ዮሐኒ ኢየሱስ ሞአን አስተማሩ፤ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀምጠው ብዙዎችን አስተማሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋና በዳሞት ሰብከው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። የእርሳቸው ልጆችም ወደየአውራጃው ወጡ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት (2፥2) የሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ከጳውሎስ የሰማውን ጢሞቴዎስ ለታመኑ ሰዎች፣ እነርሱም ለሌሎች እንዲያስተላልፉ። በዚያን ዘመን አገሪቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግብፅ የሚመጣ አንድ ጳጳስ ብቻ እንደነበራት አትርሱ። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው፤ የራሳችን ፓትርያርክ ደግሞ በ1951 ዓ.ም.። እንግዲህ ያን ሁሉ መቶ ዓመት ሃይማኖትን ያቆየው የጳጳሳት ብዛት አይደለም፤ ልጅ የሚያሳድግ መምህር በየገዳሙ መኖሩ ነው።

የተቃራኒውንም ነገር ታሪካችን ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ከመኳንንቱ ተጠምቀው የክርስትና ስም ያወጡ ነበሩ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙዎች ተሰደዱ፣ ያመፁም ነበሩ። ቀን በቤተ ክርስቲያን ታይተው ማታ ወደ ቀድሞ ጸሎታቸው የተመለሱም እንደነበሩ ተጽፏል። ንጉሡ ለአገር አንድነት አስበው ይሆናል፤ ያ የታሪክ ተመራማሪዎች ጉዳይ ነው። ጌታ ካዘዘው ውስጥ ግን ማጥመቁ ብቻ ተነጥሎ ሲወሰድ ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ውኃ በትእዛዝ ይፈስሳል፤ ልብ ግን አይታዘዝም።

ይህን ያለፈ ታሪክ ነው ብለን በእርጋታ እንዳንቀመጥ በየቤታችን ያለውን እንመልከት። በጥንት ዘመን ሰው አድጎ ሲያምን አስቀድሞ ንኡሰ ክርስቲያን ተብሎ ይማር ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ንባቡንና ትምህርቱን ሰምቶ ይወጣል፤ ዲያቆኑ ዛሬም ድረስ ንኡሰ ክርስቲያንን የሚያሰናብተው ቃል የዚያ ሥርዓት ምስክር ነው። በአንጾኪያም ምእመናን ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በርናባስና ጳውሎስ አንድ ዓመት ሙሉ ካስተማሩ በኋላ ነበር (ሐዋ. 11፥26)። እኛ ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የምንጠመቅ ስለሆነ ትምህርቱ ከጥምቀት በኋላ ይመጣል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን አውቃ ያለ ዋስ አልተወችንም። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እርሱ ቆመው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ሃይማኖትን ይመሰክራሉ፤ ሲያድግም ሊያስተምሩት ቃል ይገባሉ።

ታዲያ ያ ቃል ኪዳን የት ደረሰ? የዘመናችን የክርስትና አባት ልብስ ይገዛል፤ በግብዣው ላይ በክብር ቦታ ይቀመጣል፤ በፋሲካ ልጁን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሳንቲም ያስጨብጠዋል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ለምን እንጾማለን፣ ሥጋ ወደሙ ምንድን ነው፣ ጓደኛዬ ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ ምን ልበል ሲል የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ያን ጊዜ ወይ የሚመልስለት ሌላ ይፈልጋል፣ ወይ መጠየቁን ያቆማል። ልጆቻችንን ወሰዱብን የሚል ክስ በየጉባኤው ይሰማል። የሚበዙት ግን ተሰርቀው የሄዱ አይመስለኝም፤ የያዛቸው ሰው አልነበረም። ከእናንተ መካከል የክርስትና ልጅ ያላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም፤ ዕድሜያችሁ ለዚያ ደርሷልና። ወንጌልን ለማስፋፋት ሩቅ አገር ከመመኘታችሁ በፊት የዚያን ልጅ ሙሉ ስምና የክፍል ደረጃውን ታውቁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሩቅ አገርም ቢሆን አይረሳም። በዓረብ አገሮችና በቤሩት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲያገኙ በአንድ ክፍል ተሰብስበው የሚጸልዩት፣ ፍሬምናጦስ በአክሱም ነጋዴዎቹን ሰብስቦ ከጀመረው የተለየ አይደለም። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ስለ ነቢዩ የሰማው ከማን ነበር? ከአንዲት ተማርካ ከመጣች ብላቴና ነው (2 ነገ. 5)። ከቤተሰባችን እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለች እኅት ብትኖረን በስልክ ገንዘብ ደረሰ አልደረሰ ብቻ ከምንጠይቃት፣ የሳምንቱን ወንጌል አብረናት ብናነብ ለእርሷም ለእኛም ይጠቅማል።

በመጨረሻም ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በአባላት መዝገባችን ላይ ስሙ የሰፈረው ሁሉ አንድ እሑድ ቢመጣ አዳራሹ አይበቃውም። በጥምቀትና በመስቀል ሰሞን ለመዝሙር ልብስ የሚሰለፈው ወጣት በሌላው ወር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አዲስ የምዝገባ ዘመቻ ከማድረጋችን በፊት ከነባር አባላት እያንዳንዱ ከመዝገቡ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ስም ቢወስድ፣ ቤታቸው ሄዶ ቢጠይቃቸው፣ ከኅዳር 15 ቀን ከሚጀምረው ከጾመ ነቢያት አንሥቶ እስከ ልደት ድረስ የማርቆስን ወንጌል አብሯቸው ቢያነብ መልካም ነው። ወንጌሉ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በሳምንት ሦስት ምዕራፍ ቢነበብ ጾሙ ሳይፈታ ያልቃል። ያልገባቸውን ጥያቄ በወረቀት እየጻፉ ያስቀምጡ፤ እኛ መመለስ ያልቻልነውን የደብራችን መምህር በወሩ መጨረሻ እንዲመልሱልን እንለምናቸዋለን። የታመመ፣ ሥራ የፈታ፣ ፈተና ወድቆ ከቤት የቀረ ሲገኝም ለበጎ አድራጎት ክፍሉ ይነገር። መዝገቡ በጽሕፈት ክፍሉ ይገኛል፤ ስም መውሰድ የሚፈልግ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ጸሐፊውን ያነጋግር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።